ቁጥር አንድ አዞ

የዛሬ ሦስት ዓመት አዞ የግራ ነጠላ ጫማዬን ወሰደብኝ። በማግስቱ መልሶ አምጥቶ ዳር ላይ ጣለው፤ ቁጥሩ አልሆነውም መሰለኝ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ ጫማው እቤቴ አለ። የዛሬው ወሬ ግን መቀባባት አያስፈልገውም፤ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ እንዳለ ይበቃል።

የምሠራው ከኢኒስፌይል ከተማ ወረድ ብሎ፣ ሸንኮራው አልቆ ረግረጉ ሊጀምር ሲል ባለው የሮዜታ የአሳ እርባታ ነው። ስድስት ኩሬ አላት። በየኩሬው ውስጥ ባራሙንዲ የሚባለው አሳ፣ በየኩሬው ላይ ደግሞ ውሃውን የሚመቱ የኤሌክትሪክ መንኮራኩሮች አሉ። መንኮራኩሩ ውሃውን እየደበደበ አየር ያስገባበታል፣ አሳው በዚያ ይተነፍሳል። በዝናቡ ወራት ሰማዩ ለቀናት ሲደፈንና ነፋስ ሲጠፋ፣ መንኮራኩሩ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢቆም የኩሬው አሳ በሙሉ ሆዱን ወደ ሰማይ ያዞራል። አስራ አምስት ዓመት እዚያ ስሠራ ያ ድምፅ፣ ቸብ ቸብ ቸብ፣ ከጆሮዬ ተለይቶ አያውቅም። ሲሄድ አንሰማውም፤ ሲቆም ነው የምንሰማው።

ሮዜታ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለአስራ ዘጠኝ ዓመት ከግማሽ ቀን በላይ ከመንኮራኩሮቹ ርቃ አታውቅም። ታላቅ እህቷ ኮንቼታ ያለችው በአገሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ ፍሪማንትል ነው። እሁድ እሁድ በስልክ ይጯጯሃሉ።

«መቼ ነው የምትመጪው? ሰማንያ ሊሞላኝ ነው እኮ!»

«አሳዎቹን ለማን ትቼ?»

«ለዴስ ተይለታ!»

«ለዴስ? ለዴስ የውሻ ምግብ እንኳ አልተውለትም፤ ይበላዋል!»

ዴስ እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ ሲባል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ።

እንዲህ እያለን የወንድሟ ልጅ ኔሪዳ ከታውንስቪል መጣች። ማሽን የሚያዝዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን መሥራት ሙያዋ ነው። ዳቦ የምታክል ሳጥን ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«አክስቴ፣ አሳዎቹን ይቺ ትጠብቅልሻለች።»

«ይቺ? ብቆርሳት ለቁርስ አትበቃም።»

«ሰባት ቀን ስጪኝ። ከቅዳሜ እስከ አርብ ማታ መንኮራኩሮቹን እሷ ትዘዝ። የእጅ ማብሪያውን ማንም አይንካ። ሰባቱን ቀን ከተወጣችው ቅዳሜ ጠዋት ከኬርንስ ትበሪያለሽ፤ እሁድ የኮንቼታን ልደት እዚያው ታከብሪያለሽ።»

ሮዜታ ሳጥኗን ገልብጣ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ሻንጣው ውስጥ የእንቁራሪት ቤተሰብ ነበር። ሦስት ትውልድ። (እሺ፣ አንዲት እንቁራሪት ናት።) አራግፋ አጠበችውና ፀሐይ በሌለበት ሰማይ ሥር አሰጣችው። ያኔ ነው የምሯን መሆኑ የገባኝ።

ኔሪዳ ሳጥኗን ስትገጥም ኬብል አቀባዩ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፣ በስምምነት። መጠየቅ ግን አልተውኩም።

«ውስጧ ምንድነው ያለው?»

«ስርዓተ ክወና፤ ማሽኑን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም።»

«እንደ ስልኬ?»

«ስልክህ ሲደክመው ክብ ነገር እያሽከረከረ ያስጠብቅሃል። ይቺ ማስጠበቅ አይፈቀድላትም። መልሱ ትክክል ሆኖ ከዘገየ ስህተት ነው የሚባልበት ሥራ ላይ ናት።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ነው የምትይኝ።»

«እዚህ አገር ጅብ የት አለ?»

«አዞ ከሄደ በይዋ።»

«እንግዲህ እሱን ነው የምልህ።»

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠን በሮዜታ ሳላሚና ዳቦ መሃል አስረዳችኝ። ሳጥኗ ያላት አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ብቻ ናት፤ አንድ ምድጃ ብቻ እንዳለበት ኩሽና ማለት ነው። ሠራተኞቹ ግን ብዙ ናቸው። አንዱ የውሃውን አየር ይለካል፣ አንዱ መንኮራኩር ያስነሳል፣ አንዱ ለሮዜታ ስልክ መልእክት ይልካል። ምድጃዋን በተራ ነው የሚጠቀሙት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የጥድፊያ ቁጥር ተሰጥቶታል። የባሰ ጥድፊያ ያለበት ሲገባ ያኛው ድስቱን አውርዶ ገለል ይላል፤ ነገ ና፣ ቆይ፣ ሻይ ልጠጣ የሚባል ነገር የለም።

«ሁሉም ቢፈዙስ?» አልኳት።

«ጠባቂ ውሻ አለ። በየሦስት ሰኮንዱ አንድ ሠራተኛ ሄዶ ይዳብሰዋል። ሳይዳበስ ከቀረ ይነክሳል።»

«ማንን?»

«ሳጥኗን። ስትነከስ ሁሉን ረስታ እንደ አዲስ ትነሳለች።»

«አክስትሽም እንደዚያው ነው የምታስነሳኝ።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ሮዜታ ከውስጥ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ይህን ስርዓት ማን ሠራው ብላት «ማንም፤ ማለቴ ሁሉም» አለችኝ። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነባል፣ የተሻለ ያወቀ ያርማል፣ እርማቱን ሌሎች አይተው ይቀበላሉ ወይም ይመልሳሉ። ባለፈው ወር ስህተት አገኘሁ ብላ ብትልክ፣ ክራኮው ከሚባል ከተማ አንድ ሰውዬ ስህተቱ የራሷ መሆኑን በሁለት ገጽ ትህትና አስረድቷታል።

«እና ማንም ወስዶ እንደፈለገው መቀየር ይችላል?»

«የራሱን ቅጂ፣ አዎ።»

«እኔም?»

«አንተም።»

ይህን ባትለኝ ጥሩ ነበር።

አምፖል ማብራትና ማጥፋት አስተማረችኝ። ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው አለች። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ በሦስተኛው ቀን አምፖሏ ብልጭ ስትል መጠጥ ቤት ሄጄ ለሳተላይት እየሠራሁ እንደሆነ አወራሁ። ኔሪዳ ይህን ሰምታ በሮዜታ ፊት «ሳተላይቱ ሰላም ነው? በሦስት ቀን አንዴ ብልጭ ይላል አሉ» አለችኝ። ሮዜታ እስኪያስላት ሳቀች። ዴስ ደግሞ ሲሳቅበት ዝም የሚል ሰው አይደለም።

የፓምፑ ክፍል ጀርባ የሠራተኛ ሽንት ቤት አለ፤ ከሳጥኗ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ኔሪዳ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ላፕቶፗን ክፍት ትታው ሄደች። እኔም በሩ ሲዘጋ የሚያውቅ ማብሪያ ገጠምኩ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከመቀመጫው ሥር ደበቅኩ፣ ሽቦውን በቆርቆሮው ቀዳዳ አሳልፌ ከሳጥኗ ጋር አገናኘሁት። ከዚያ ከአምፖሉ ኮድ ቀድቼ አንድ አዲስ ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ ከላፕቶፗም ወደ ሳጥኗ ጫንኩት። ስሙን «አዞ» አልኩት። ሥራው በሩ እስከተዘጋ ድረስ ከታች ማጉረምረም ብቻ ነው። ኔሪዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ አዞው ያጉረመርማል፣ እሷ ትሮጣለች፣ እኔ እስቃለሁ። የሁለት ሰኮንድ ነገር።

ግድየለሽ እንዳልባል የጥድፊያ ቁጥሩን እንኳ አስቤበታለሁ። አየር ለኪው አምስት፣ መንኮራኩር አስነሺው ስድስት፣ ውሻ ዳባሹ አስር ተሰጥቷቸዋል። የኔ አዞ ትሑት ይሁን፣ ከሁሉም ይነስ ብዬ አንድ ሰጠሁት። አንደኛ ክፍል ከአስረኛ ክፍል ያንሳል አይደል? አንደኛ ወጥቼ ስለማላውቅ አንድ የሁሉ የበላይ ሊሆን እንደሚችል አልታየኝም።

የእጅ ማብሪያውን አልነካሁም። ኮድ እጅ አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼ ሄድኩ።

አርብ እኩለ ቀን ገደማ፣ ሰማዩ እንደ አሮጌ ድስት ክዳን ተደፍኖ፣ ሦስተኛው ኩሬ ላይ በጀልባ ሆኜ መረብ እፈታ ነበር። ድንገት ሰማሁ። ማለቴ፣ ምንም አልሰማሁም። ስድስቱም ኩሬ ጸጥ።

ጥቂት ጠበቅኩ፤ ይነሳ ይሆናል ብዬ። አልተነሳም። እየቀዘፍኩ ዳር ስደርስ ኔሪዳ ላፕቶፗን በክንዷ ታቅፋ ከቤት ስትሮጥ አየኋት። ሮዜታ ደግሞ ሽርጧን እንደታጠቀች የፓምፑ ክፍል በር ላይ፣ ከቀዩ የእጅ ማብሪያ ፊት ቆማለች።

«የውሃው አየር አራት ነጥብ አንድ ነበር!» አለች ኔሪዳ። «አሁን ሦስት ነጥብ ሁለት! ሳጥኗ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ውሻው በየሦስት ሰኮንዱ እየነከሳት ነው!»

«ለምን?»

«አላውቅም!»

ዞር ብዬ ኩሬውን አየሁ። ባራሙንዲዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ዝናብ ያረፈበት ይመስላል ውሃው።

«ሁለት ነጥብ ስምንት» አለች ኔሪዳ። «አክስቴ፣ በቃ። አብሪው። ይቅርታ።»

ሮዜታ እጇን አነሳች። ፊቷን አየሁት። አልተናደደችም። ቤቱ በረንዳ ላይ የታጠበው ሻንጣ ተከፍቶ፣ ኮንቼታ የምትወደው የማንጎ ማርማላታ በፎጣ ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጧል። እሱን ነበር የምታየው።

የዚያን ጊዜ ነው ዓይኔ ሽንት ቤቱ በር ሥር ሁለት ቡትስ ጫማ ያየው።

ሳልቮ ነበር፤ የጎረቤት ሽማግሌ፣ የቀድሞ ሸንኮራ ቆራጭ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሁላችንም ኖኖ እንለዋለን፣ በጣሊያንኛቸው አያት ማለት ነው። የልጁ ሚስት እቤት ሽንት ቤት ውስጥ ጋዜጣ ማንበብ ስለከለከለችው ጋዜጣውን ይዞ ወደኛ ይመጣል። ለማንበብ ሲቀመጥ የጆሮ መሣሪያውን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ያለ እሱ ደግሞ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ቢወስድ አይሰማም።

በሩ ተዘግቷል። አዞው እያጉረመረመ ነው።

እንደዚያ የሮጥኩት በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም እውነተኛ አዞ ነበር ከኋላዬ። በሩን ያዝኩና ሳብኩ። ከውስጥ ተሳበ።

«ሰው አለ!» አለ ሳልቮ።

«ኖኖ፣ ክፈት!»

«ሰው አለ አልኩህ!»

«ኖኖ! አሳዎቹ እየሞቱ ነው!»

«እንደጨረስኩ!»

እኔ እስባለሁ፣ እሱ ይስባል። ስልሳ ዓመት ሸንኮራ የቆረጠ ክንድ ቀላል አይደለም። እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ስስበው መቀርቀሪያው ከነምስማሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በሩ ተበረገደ። ሳልቮ መነጽሩን አድርጎ፣ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ዳኛ ተቀምጧል።

ከጀርባዬ፣ ከአንደኛው ኩሬ፣ ቸብ። ከሁለተኛው፣ ቸብ ቸብ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ።

«አዲስ ትውልድ» አለ ሳልቮ እየተመለከተኝ። «ማንኳኳት አታውቁም?»

ዘወር ስል የሮዜታ እጅ ከቀዩ ማብሪያ አንድ ጣት በሚያህል ርቀት ላይ ቆሟል። አልነካችውም። ቀስ ብላ አወረደችው።

«ራሷ ተነሳች!» አለች። «ኔሪዳ፣ አየሽ? ራሷ ተነሳች! እጄ አልነካም!»

ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውሃው ወደ አራት ተመለሰ። አሳዎቹ ወደ ታች ወረዱ። ከስድስቱ ኩሬ የሞቱት አስራ አንድ ብቻ ናቸው፤ በሌላ ሰው ፊት ብናገር ሁለት እላለሁ።

ሁሉም በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሮዜታ ሻንጣዋን መዝጋት ጀምራ ነበር። ግን ኔሪዳ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀመጠች፤ ለሁለት ሰዓት አልተነሳችም። ፊቷ እየገረጣ ሄደ።

«አክስቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ነገ አትሂጂ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሰባት ቀን አልሽ፣ ሰባት ቀን ሆነ።»

«ለምን እንደወደቀች አላውቅም። ለምን እንደተነሳችም አላውቅም። የማላውቀውን ነገር ሂጂ፣ እመኚው ልልሽ አልችልም። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።»

ሮዜታ ተነሳች። ሻንጣውን ከፈተችና የማንጎ ማርማላታውን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ መደርደሪያው መመለስ ጀመረች። ስድስት ብርጭቆ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እሷ ለኮንቼታ መደወል አለባት፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ያልሠራችውን ጥፋት ስትፈልግ ልታድር ነው። ዝም ብል ኖሮ ማንም አይጠረጥረኝም ነበር፤ ያ ነው የባሰኝ። አራተኛውን ስታነሳ አፌ ራሱ ተናገረ።

«አዞ ነው።»

«ዴስ፣ አሁን አይደለም» አለች ኔሪዳ ቀና ሳትል።

«እውነተኛ አዞ አይደለም፤ የኔ አዞ ነው። ኮዱ ውስጥ አለ። እታች፣ ከአምፖሏ ቀጥሎ።»

ወደ ታች ወረደች። አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይሄ... ሽንት ቤቱ በር ነው?»

«አዎ።»

«እና ሳልቮ ውስጥ እስካለ ድረስ...»

«ያጉረመርማል።»

«ለምንድነው አንድ የሰጠኸው?»

«ከሁሉ ትንሽ ይሁን ብዬ።»

«ዴስ! እዚህ ላይ ትንሹ ቁጥር የበላይ ነው! አንድ ማለት ከአየሩ፣ ከመንኮራኩሩ፣ ከውሻ ዳባሹም በፊት ማለት ነው! ምድጃዋን ብቻውን ይዞ ማንንም አላስጠጋም! ውሻው ሲነክሳት ትነሳለች፤ በሩ ግን አሁንም ዝግ ነው፣ እንደገና አዞ! አንተ... አንተ...» ስድብ ፈለገች፣ አጣች፣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳት ብዬ ጠጋ ስል እየሳቀች ነው።

ሮዜታ ግን አልሳቀችም። አራተኛውን ብርጭቆ እንደያዘች ፊቴ መጥታ ቆመች።

«አንተ ቀልማዳ! እህቴን ልታሳጣኝ?»

«አላሰብኩትም፣ ሮዜታ።»

«እሱን አውቃለሁ፤ አስበህ ሠርተህ አታውቅም።» ወደ ኔሪዳ ዞረች። «ሳጥኗ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው?»

«አዎ። አንዲት ነገር ሳታዛንፍ።»

«ጅል ሲያዛትም?»

«ጅል ሲያዛትም።»

«አዞው ከወጣ ደግሞ አትወድቅም?»

«ለስድስት ቀን አልወደቀችም፣ አክስቴ። የዛሬውም አሁን ገብቶኛል። የራሴም ስህተት አለ፤ አንድ ሠራተኛ ምድጃዋን ቢቆጣጠር ወደ ደጅ የሚያስወጣው ዘበኛ ማድረግ ነበረብኝ። ዛሬውኑ አደርገዋለሁ። ሳልቮን አስቀምጬ እሞክረዋለሁ።»

ሮዜታ ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲያው የማይታመነው ጅሉ ነው እንጂ ሳጥኗ አይደለችም። ጅሉን ደግሞ አስራ አምስት ዓመት አውቀዋለሁ።» ብርጭቆውን እጄ ላይ አኖረችው። «ያወጣሁትን መልሰህ ጠቅልል። አንድ ቢሰበር በእግርህ ፍሪማንትል ድረስ ታደርሰዋለህ።»

ጠቀለልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ነገር ጠቅልዬ አላውቅም። ኔሪዳ አዞውን አውጥታ ዘበኛውን አስገባች፤ ከዚያ ሆነ ብላ አንድ የማይረባ ሠራተኛ ቁጥር አንድ ሰጥታ ሳልቮን ጋዜጣውን አስይዛ በሩን ዘጋችበት። ሠራተኛው ገና ምድጃዋን ሲቆጣጠር ተባረረ፣ መንኮራኩሮቹም ሳይቆሙ ሄዱ። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሳልቮ ተጠይቆ ሽንት ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ስለሆነ በጣም ኮራ።

ቅዳሜ ሌሊቱ ሳይነጋጋ ሮዜታን ኬርንስ አደረስኳት። አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ «ላፕቶፕ እንዳትነካ» አለችኝ፤ ማልኩላት። ስመለስ ኔሪዳ ቅጣት አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። የስርዓቱ መግቢያ ጽሑፍ፣ ለጀማሪዎች የሚነበበው፣ ስለ ጥድፊያ ቁጥር የሚያወራው ክፍል ላይ ያ ነገር በግልጽ አልተጻፈም ነበር። «አንተ ጻፈውና ላክ፤ የምትጽፈው በእኔ ፊት ነው» አለችኝ። ሐረጉን አራት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ስለ ሳልቮ የጨመርኩትንም ሰረዘችው። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦ ትንሹ ቁጥር የበለጠ የሚጣደፈው ነው፤ አንድን ለማይረባ ሥራ አትስጡ። በማግስቱ የክራኮው ሰውዬ ተቀበለው። አመሰገነኝም። እኔ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተሰናበትኩት ሰው፣ ዓለም ሁሉ በሚያነበው ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ። መጠጥ ቤት ሄጄ ስናገር ማንም አላመነኝም።

ሮዜታ ቅዳሜ ማታ ደወለች፤ ስለ ስድስቱም ኩሬ በየተራ ጠየቀች። እሁድ በልደቱ መሃል ደወለች፤ ስለ ሦስተኛው ኩሬ ብቻ። ሰኞ አልደወለችም። ማክሰኞም። ረቡዕ ኔሪዳ ተጨንቃ ራሷ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከዚያ ወገን ሁለት አሮጊቶች በአንድ ጊዜ ሲያወሩና ሲሳሳቁ፣ ከኋላቸው ማዕበል ሲመታ ይሰማል።

«አክስቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ማነው? ኔሪዳ! ባሕር ውስጥ ነን፣ እስከ ጉልበታችን! ኮንቼታ ቀሚሷን አረጠበች! ስሚ፣ ትኬቱን ወደሚቀጥለው ሳምንት ቀይሬዋለሁ።»

«እሺ። ስለ አሳዎቹ ልነግርሽ ነበር፣ ሁሉም ደህና...»

«የምን አሳ?» አለች ሮዜታ።